ጠንካራ የዱባ ቢራ እንዴት ይቀመሳል፣ እንዴትስ ይገመገማል? ዝርዝር መመሪያ

በአሜሪካ ከኦገስት እስከ ኖቬምበር የመጠጥ መደብሮች መደርደሪያ በዱባ ቢራ ይሞላል። ቀምሰው አስተያየት የሚጽፉት ብዙ ናቸው፤ የሚጻፈው ግን ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ነው፦ «ቀረፋ ቀረፋ ይላል፣ ይጣፍጣል፣ ጠንካራ ነው።» ከዚህ አስተያየት አንባቢው ስለ ቢራው የሚያገኘው ነገር የለም። ችግሩ የምላስ ድክመት አይደለም። ብዙውን ጊዜ ቢራው በረዶ ሆኖ ይቀዳል፣ ቤቱ በሌላ ሽታ ተሞልቷል፣ ወይም በአንድ ማታ ከሚገባው በላይ ተቀምሷል። ከሁሉም በላይ ቀማሹ ምን እንደሚፈልግ ሳያውቅ ይጀምራል።

ይህ መመሪያ 7% እና ከዚያ በላይ አልኮል ላላቸው የዱባ ቢራዎች ነው። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አራት ነገሮችን ለይታችሁ ትፈልጋላችሁ፦ ዱባውን፣ ቅመሙን፣ ከሥር ያለውን ቢራ እና አልኮሉን። ቅመሙ ሦስቱን ስለሚሸፍን አብዛኛው ሥራ እሱን ገልጦ ከሥር ያለውን ማየት ነው።

ደረጃ 1፦ ምን ትገዛላችሁ?

ለአንድ ጊዜ ሦስት ወይም አራት ቢራ ይበቃል። የሚመሳሰሉትን ከገዛችሁ ልዩነት አታዩም፤ በአሠራር የሚራራቁትን ምረጡ። ለልምምድ ጥሩ የሆነ ስብስብ ይኸውላችሁ፦

- ዶግፊሽ ሄድ ፐንኪን ኤል፣ ከደላዌር፣ 7%። መሠረቱ ቡናማ ኤል (ሞቅ ባለ ሙቀት የሚብላላ የቢራ ዓይነት) ነው፤ ዱባ፣ ቡናማ ስኳር፣ ኦልስፓይስ (የደረቀ ፍሬ የሆነ ቅመም)፣ ቀረፋና ገውዝ ይገባበታል። ብቅሉ ስለማይደበቅ መጀመሪያ የሚቀመሰው እሱ ይሁን።
- ሳውዘርን ቲየር ፓምኪንግ፣ ከኒው ዮርክ ግዛት፣ 8.6%። ቫኒላና የተጋገረ የፓይ (በሊጥ ውስጥ የሚጋገር ጣፋጭ) ሊጥ የሚመስል ጣፋጭ መዓዛ ጎልቶ ይወጣል።
- ዋየርባከር ኢምፔሪያል ፓምፕኪን፣ ከፔንሲልቬኒያ፣ 8%። በቀረፋና በገውዝ ላይ ሄልና ቅርንፉድ ይጨመርበታል።
- ሄቪ ሲስ ግሬተር ፓምፕኪን፣ ከሜሪላንድ፣ 10% አካባቢ። በቡርቦን (የአሜሪካ ውስኪ) በርሜል የቆየ ነው።

ከነዚህ አንዱን ካጣችሁ የሴንት ሉዊሱ ሽላፍሊ ፓምፕኪን ኤል (8%) ይተካዋል። የአልኮሉ መጠን ከዓመት ዓመት ሊለዋወጥ ስለሚችል የምትጽፉት ጣሳው ወይም ጠርሙሱ ላይ ያለውን ቁጥር ይሁን።

ከመክፈላችሁ በፊት ቀኑን ፈልጉ። ጣሳ ከሆነ ከታች፣ ጠርሙስ ከሆነ አንገቱ ላይ ወይም የወረቀቱ ጠርዝ ላይ ይታተማል። የታሸገበት ቀን ከሆነ ከሦስት ወር ያልበለጠውን ውሰዱ። የማብቂያ ቀን ከሆነ ገና ብዙ ጊዜ የቀረውን። ዋጋው በድንገት የወረደ የዱባ ቢራ ብዙ ጊዜ ያለፈው ዓመት ትርፍ ነው፤ የቅመም ዘይት በጊዜ ብዛት ይተናል፣ ኦክስጅን የነካው ብቅል ደግሞ እርጥብ ካርቶን ይሸታል። በርሜል ውስጥ የቆየና 10% የሚደርስ ቢራ ከሌሎቹ የተሻለ ይታገሣል፤ እሱም ቢሆን በቀዝቃዛና በጨለማ ቦታ ሲቀመጥ ነው።

ቀኑ ካልታየ ሻጩን ጠይቁ፤ እሱም ካላወቀ ያንን ጠርሙስ አትገምግሙት። ያረጀ ቢራ ቀምሶ በጠማቂው ላይ መፍረድ ፍትሕ አይደለም።

ደረጃ 2፦ አፍንጫችሁን አሠልጥኑ

ሰው የሚዘልለው ደረጃ ይህ ነው፤ ግምገማው የሚወድቀውም እዚህ ነው። ሐበሻ ቤት ያደገ ሰው ቅመም ያውቃል፤ የሚያውቀው ግን ተደባልቆ፣ ተቆልቶ፣ ቅቤና በርበሬ ውስጥ ገብቶ ነው። ቢራ ውስጥ ለየብቻ መለየት ሌላ ልምምድ ይፈልጋል። ከቅምሻው ሁለት ቀን ቀድማችሁ ጀምሩ።

*ሀ. የሽታ ብርጭቆዎች።* ክዳን ያላቸው ሰባት ትናንሽ ዕቃዎች አዘጋጁ። በየአንዳንዱ ግማሽ የሻይ ማንኪያ አድርጉ፦ ቀረፋ፣ ገውዝ፣ ቅርንፉድ፣ ደረቅ ዝንጅብል፣ ኦልስፓይስ፣ ሄል፣ ኮረሪማ። ገውዙን በዚያው ሰዓት ፈቅፍቁት፤ ተፈጭቶ የከረመ ገውዝ የእንጨት ብናኝ ነው። ስሙን ከዕቃው ሥር ጽፋችሁ ሌላ ሰው ያቀያይርላችሁ፤ ከዚያ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ለዩ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በሁለት ቦታ ነው። የመጀመሪያው ኦልስፓይስ ነው። አንድ ፍሬ ሆኖ ሳለ ቅርንፉድ፣ ቀረፋና ገውዝ አንድ ላይ ይሸታል፤ ከቅርንፉድ ጋር የሚያመሳስለው ዩጂኖል የሚባለው ዘይት በሁለቱም ውስጥ መኖሩ ነው። ቅርንፉድ ግን ይበልጥ ስለታም ነው፤ ምላስም ያደነዝዛል፤ ኦልስፓይስ አያደነዝዝም ባይባልም በጣም የለሰለሰ ነው። ሁለተኛው ሄልና ኮረሪማ ናቸው። የአሜሪካ ቢራ ውስጥ የሚገባው ሄል ነው፤ የኛ አፍንጫ ግን ወዲያው ኮረሪማ ይላል። ሁለቱን ጎን ለጎን ደጋግማችሁ አሽትቱ። ሄል ወደ ሎሚና ወደ ባሕር ዛፍ ቅዝቃዜ ያደላል፤ ኮረሪማ ሞቅ ያለና ለስላሳ ነው።

*ለ. ዱባው ብቻውን።* ዱባን ከበርበሬና ከሽንኩርት ጋር ወጥ ሆኖ ለለመደ ሰው የዱባው የራሱ ጣዕም ብዙም አይታወሰውም። 200 ግራም ያህል ዱባ ቆርጣችሁ ያለ ጨው፣ ያለ ዘይት በ200 ዲግሪ ሴልሺየስ ምድጃ 40 ደቂቃ ጥበሱ። ቀዝቅዞ ሲቀመስ ቀለል ያለ ጣፋጭነት፣ ትንሽ አፈር የሚመስል ጠረንና ለስላሳ ውፍረት ታገኛላችሁ። ቢራ ውስጥ የምትፈልጉት ይህን ነው፤ እጅግ ደካማ ስለሆነ አንዳንዴ እንደ ጣዕም ሳይሆን እንደ ውፍረት ብቻ ይታወቃል። የቆርቆሮ ዱባ ከገዛችሁ መቶ በመቶ ዱባ የሚለውን ውሰዱ። «ፓምፕኪን ፓይ ሚክስ» የሚለው ስኳርና ቅመም ስላለበት ለዚህ ሥራ አይረባም።

*ሐ. ቅመም በቢራ ውስጥ።* ከየቅመሙ 1 ግራም (ከቅርንፉድ ግን ግማሽ ግራም) በ30 ሚሊ ሊትር ቮድካ ዘፍዝፋችሁ 24 ሰዓት አቆዩና በቡና ማጥለያ ወረቀት አጥልሉ። ከዚያ ቀለል ያለ ላገር (በቅዝቃዜ የሚብላላ) ቢራ 200 ሚሊ ሊትር ቀድታችሁ የአንዱን ቅመም ሁለት ጠብታ ጨምሩ፣ ቅመሱ፣ እንደገና ሁለት ጠብታ። ቅመሙን መጀመሪያ የለያችሁበትንና ቢራውን የዋጠበትን የጠብታ ቁጥር ጻፉ። ለያንዳንዱ ቅመም ይህን ስትደግሙ የትኛው ቶሎ እንደሚገዝፍ ታያላችሁ፤ ቅርንፉድ ከሁሉም ይቀድማል።

ካልተሳካ፦ ሁሉም አንድ ዓይነት መሽተት ከጀመረ አፍንጫችሁ ደክሟል። የቡና ፍሬ ማሽተት አያድነውም፤ ሌላ ጠንካራ ሽታ መጨመር ነው። ደጅ ወጥታችሁ አምስት ደቂቃ ንጹሕ አየር ሳቡ፣ ወይም የገዛ ክንዳችሁን አሽትቱና ተመለሱ።

ደረጃ 3፦ ቀኑንና ቤቱን አዘጋጁ

ቡና የሚፈላበት፣ ዕጣን የሚጨስበት ወይም ቁሌት የሚቆላበት ቤት ውስጥ በዚያው ቀን ቅምሻ አታድርጉ። ዕጣን መጋረጃና ሶፋ ላይ ስለሚቀመጥ መስኮት መክፈት ብቻ አያጠፋውም። የግድ ከሆነ ከአንድ ቀን በፊት አናፍሱ፣ ወይም ሌላ ቤት ቅመሱ።

ሚጥሚጣ፣ አዋዜና ቃሪያ የበላ ምላስ የዝንጅብልና የአልኮል ሙቀት መለየት ያቅተዋል። ቅምሻው ማታ ከሆነ ምሳ ለስላሳ ይሁን፤ ከቅምሻው ሁለት ሰዓት በፊት ቀለል ያለ ምግብ ብሉ፤ በባዶ ሆድ ግን ፈጽሞ አትጀምሩ። ሽቶ፣ ሽታ ያለው የእጅ ቅባትና ሲጋራ ይከልከሉ። ጉንፋን የያዘው ሰው ቀኑን ያዛውር።

ጠረጴዛው ላይ የሚያስፈልገው ይህ ነው፦ በሰው አንድ ሊትር ያልቀዘቀዘ ውኃ፣ ጨውና ቅመም የሌለው ነጭ ዳቦ፣ ነጭ ወረቀት (ቀለም ለማየት)፣ እርሳስ፣ የምግብ ቴርሞሜትር፣ የሚደፋበት ዕቃ። እንጀራ ለአፍ ማጽጃ አይሆንም፤ ኮምጣጣነቱ ቀጥሎ የሚመጣውን ቢራ ይበልጥ ጣፋጭ ያስመስለዋል። ጥቁር አዝሙድ ያለበት ድፎ ዳቦም እንዲሁ።

ደረጃ 4፦ ብርጭቆና ሙቀት

ሆዱ ሰፊ፣ አፉ ጠበብ ያለ ብርጭቆ ተጠቀሙ፤ የኮኛክ ወይም የቱሊፕ ቅርጽ ያለው ጥሩ ነው፣ ከጠፋ የወይን ብርጭቆ ይበቃል። ከ300 ሚሊ ሊትር ያላነሰ ይሁን። ሽታ በሌለው ሳሙና አጥባችሁ በደንብ አለቅልቁ፤ በጨርቅ አታድርቁ፣ ገልብጣችሁ ተዉት። ከመቅዳታችሁ በፊት በንጹሕ ውኃ አርጥቡት። ቢራ ከቀዳችሁ በኋላ የጋዝ ፊኛዎች ጎኑ ላይ ተለጥፈው ከቀሩ ብርጭቆው ቅባት አለበት፤ አረፋውንም ይገድለዋል፤ እንደገና እጠቡ።

አሁን ዋናው ነገር፦ ሙቀት። የቤት ፍሪጅ 3 ወይም 4 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። በዚያ ቅዝቃዜ ብቅሉም ዱባውም ዝም ይላሉ፣ ጋዝና ምሬት ብቻ ይሰማል። ጠንካራ የዱባ ቢራ መቀመስ የሚጀምረው ከ10 እስከ 13 ዲግሪ ባለው ነው። 355 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ በተራ ክፍል ሙቀት ውስጥ ለመድረስ ግማሽ ሰዓት ያህል ይፈልጋል፤ 650 ሚሊ ሊትር ከሆነ ይበልጥ ይቆያል። በግምት አትሂዱ፣ ከቀዳችሁ በኋላ ቴርሞሜትሩን አስገቡ።

በጣም ከቀዘቀዘ ብርጭቆውን በሁለት መዳፍ አቅፋችሁ አምስት ደቂቃ ቆዩ። ማይክሮዌቭ ውስጥ አታስገቡ፤ ጋዙን ታጣላችሁ። ከ18 ዲግሪ ካለፈ አልኮሉ አፍንጫ ይወጋል፤ ያልተከፈተውን ጠርሙስ በረዶና ውኃ ውስጥ ለአምስት ደቂቃ ንከሩ።

ደረጃ 5፦ ቅደም ተከተልና መጠን

ቢራዎቹን በአልኮል ብቻ አትደርድሩ። በቅመም የተሞላ 7% ቢራ፣ ቅመሙ ቀለል ካለ 9% በፊት ከመጣ ሁለተኛውን ያጠፋዋል። መጀመሪያ በቅመሙ ጥንካሬ፣ ቀጥሎ በጣፋጭነት፣ በመጨረሻ በአልኮል ደርድሩ። በርሜል የነካው ሁልጊዜ መጨረሻ ነው፤ የቡርቦኑ ጠረን ብርጭቆ ውስጥም አፍ ውስጥም ይቀራል። ከላይ ያለው ስብስብ በተጻፈበት ቅደም ተከተል ቢቀመስ ይሆናል።

ከአንዱ ቢራ 90 ሚሊ ሊትር ቅዱ። የአልኮሉን መጠን ራሳችሁ አስሉ፦ ሚሊ ሊትሩን በአልኮሉ ፐርሰንት አባዙ፣ ለ100 አካፍሉ፣ በ0.789 አባዙ። የምታገኙት ግራም ነው። በአሜሪካ አንድ መደበኛ መጠጥ 14 ግራም ንጹሕ አልኮል ነው። አራቱን ቢራዎች 90፣ 90 ሚሊ ሊትር ብትቀምሱ 24 ግራም ገደማ፣ ማለትም 1.7 መደበኛ መጠጥ ይሆናል። አራቱንም ባለ 355 ሚሊ ሊትር ሙሉ ጠርሙስ ብትጠጡ ግን 94 ግራም፣ ወደ 6.7 መደበኛ መጠጥ ነው። አንድ ባለ 650 ሚሊ ሊትር ፓምኪንግ ብቻውን ከሦስት መደበኛ መጠጥ በላይ ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ የቅመሙ ጣፋጭነት አልኮሉን ስለሚደብቅ ሰው ሳያውቀው ይሰክራል። ከቀመሳችሁ በኋላ መሪ አትያዙ። በአብዛኛው የአሜሪካ ክፍል በደም ውስጥ የሚፈቀደው የአልኮል ጣሪያ 0.08% ሲሆን በዩታ 0.05% ነው፤ ከዚህ በታች ሆኖም መንዳት ያስጠይቃል። ዕድሜው 21 ያልሞላ፣ ነፍሰ ጡር፣ ከአልኮል ጋር የማይስማማ መድኃኒት የሚወስድ ሰው አይቅመስ። ቀምሶ መትፋት ነውር አይደለም፤ ዕቃው የቀረበው ለዚሁ ነው።

ደረጃ 6፦ ስም ደብቁ፣ ቅዱ፣ እዩ

የሚቀምሰው የሚቀዳውን አይይ። አንድ ሰው ከሌላ ክፍል ቀድቶ ብርጭቆዎቹ ላይ ቁጥር ይለጥፍ። ጣሳው ላይ የተሳለ ዱባ ያየ ሰው ዱባ ባይኖርም ዱባ ይቀምሳል። ብቻችሁን ከሆናችሁ ተመሳሳይ ብርጭቆዎች ሥር ምልክት አድርጋችሁ አቀያይሩ፤ በቀለም ካልተለዩ ይሠራል።

ብርጭቆውን አጋድማችሁ ጀምሩ፣ ግማሽ ሲደርስ አቅንታችሁ መሐሉ ላይ ቅዱ። ሁለት ጣት የሚሆን አረፋ ይበቃል። ከነሐስ እስከ ቡናማ ያለ ቀለም የተለመደ ነው፤ ትንሽ መደፍረስም የዱባ ወግ ነውና ነጥብ አትቀንሱበት። አረፋው ቶሎ ቢወድቅም አትቸኩሉ፤ ከፍተኛ አልኮልና የቅመም ዘይት አረፋ ያሳንሳሉ። ሲከፈት ገንፍሎ የፈሰሰ ቢራ ግን የተበከለ ሊሆን ስለሚችል ማስታወሻ ያዙና በጥርጣሬ ቅመሱ።

ደረጃ 7፦ አሽትቱ

አረፋው ገና ሳለ ሁለት አጭር መሳብ። ከዚያ ብርጭቆውን በእጃችሁ መዳፍ ከድናችሁ ቀስ ብላችሁ አዙሩ፣ አሥር ሰከንድ ጠብቁ፣ ክፈቱና አንድ ረጅም መሳብ። አፍንጫችሁን ብርጭቆ ውስጥ አትንከሩ፤ በ8% ቢራ አልኮሉ ያደነዝዘዋል።

መጀመሪያ የመጣውን ቅመም ጻፉና ለጊዜው ተዉት። ቀጥላችሁ ከሥሩ ምን እንዳለ ራሳችሁን ጠይቁ፦ ካራሜል? የተቆላ ዳቦ? ቡናማ ስኳር? ቫኒላ? የተጠበሰ ዱባ? እንጨት? «ቅመም» ብላችሁ ጽፋችሁ ከሆነ ሰርዙና ወደ ሽታ ብርጭቆዎቹ ተመለሱ፤ የትኛው እንደሆነ ካልተለየ ሥራው አላለቀም።

ቅርንፉድ ካገኛችሁ ከየት እንደመጣ አጣሩ። የቤልጂየም ዓይነት ወይም የጀርመን የስንዴ ቢራ እርሾ 4-ቪኒል ጉዋያኮል የሚባል ውሕድ ስለሚሠራ ቅርንፉድ ሳይገባ ቅርንፉድ ይሸታል። ከእርሾ የመጣው ብዙ ጊዜ ሙዝ ከሚመስል ጠረን ጋር ይመጣል፣ ምላስም አያደነዝዝም። ይህን ማጣራት የሚቻለው ስሙ ሲገለጥ ከጠርሙሱ ላይ ነው፤ እስከዚያ «ቅርንፉድ መሰል» ብላችሁ ጻፉ።

ደረጃ 8፦ ሦስት ጊዜ ፉት በሉ፣ ለየብቻ ዓላማ

አንደኛው ፉት ለአፍ ማለማመጃ ነው፤ ስለሱ አትጻፉ። ውኃ ጠጡና ቆዩ።

*ሁለተኛው ፉት ለመሠረቱ ቢራ።* አንድ የሾርባ ማንኪያ የሚያህል ወስዳችሁ ከሦስት እስከ አምስት ሰከንድ ምላስ ላይ አንከባልሉና ዋጡ። ቅመሙን ሆን ብላችሁ እለፉት። ጥያቄው አንድ ነው፦ ቅመሙ ባይኖር ይህ ቢራ ይጠጣ ነበር? ብቅሉ ጣዕም አለው ወይስ ስኳር ብቻ ነው? የሆፕሱ (ቢራን የሚያመርረው አበባ) ምሬት ጣፋጭነቱን ይዞታል? ደካማ የዱባ ቢራ የሚጋለጠው በዚህ ጥያቄ ነው፤ ቅመሙ የተጨመረው ባዶ ቢራ ለመሸፈን ከሆነ መሐል አፍ ላይ ክፍተት ይሰማል፣ ውኃ ይሆናል።

*ሦስተኛው ፉት ለዱባው፣ ለቅመሙና ለአልኮሉ።* ከዋጣችሁ በኋላ አፋችሁን ዘግታችሁ በአፍንጫ ተንፍሱ። ብዙ ቅመም የሚገለጠው ያኔ ነው። ከዚያ ሙቀቱ የት እንዳለ ተከታተሉ። ሦስት ነገሮች ያሞቃሉ፣ ሰውም ሦስቱንም «ጠንካራ» ይላቸዋል። ቀረፋ ምላስና ድድ ላይ ጣፋጭ ሙቀት ይተዋል። ዝንጅብል ዘግየት ብሎ ጉሮሮ ይቆነጥጣል። አልኮል ጉሮሮ አልፎ ደረት ያሞቃል፣ ትንፋሹም ወደ አፍንጫ ይመለሳል። ጥሩ 8% ቢራ ያሞቃል እንጂ አያቃጥልም።

ውፍረቱንም እዚሁ መዝግቡ፦ ወፍራም፣ መካከለኛ፣ ቀጭን፤ ጋዙ የሚወጋ ወይም የሚያለሰልስ። መጨረሻ ላይ ምላስ ደርቆ ከተኮማተረ የቀረፋ ቅርፊት ወይም ቅርንፉድ ከሚገባው በላይ ተዘፍዝፎ ሊሆን ይችላል። ምሬት ሳይሆን ድርቀት ነው፤ ከጠንካራ ሻይ በኋላ የሚሰማውን ዓይነት።

ከዋጣችሁ በኋላ ጣዕሙ የሚቆይበትን በሰከንድ ቁጠሩ፣ የትኛው ጣዕም እንደቀረም ጻፉ። ቅርንፉድ ብቻ ከቀረ ቅመሙ በዝቷል። ብቅልና ቅመም አብረው ከጠፉ ሚዛኑ ጥሩ ነው።

ብርጭቆው ውስጥ 30 ሚሊ ሊትር አስተርፉ። ከሩብ ሰዓት በኋላ፣ ወደ 16 ዲግሪ ሲጠጋ፣ እንደገና ቅመሱ። ዱባው የሚወጣው ብዙ ጊዜ ያኔ ነው፤ የተደበቀ ጉድለትም አብሮ ይወጣል።

ካልተሳካ፦ ምላሳችሁ ከደነዘዘ (ቅርንፉድ ነው) ዳቦና ውኃ ወስዳችሁ አሥር ደቂቃ አቁሙ። ካልተመለሰ የቀሩትን ለነገ አሳድሩ። በደነዘዘ ምላስ የተሰጠ ነጥብ ዋጋ የለውም።

ደረጃ 9፦ ጉድለትን ከባሕርይ ለዩ

- እርጥብ ካርቶን ወይም አሮጌ ወረቀት፦ ኦክስጅን ነክቶታል፣ አርጅቷል። ቀኑን እንደገና እዩ።
- የቀለጠ ቅቤ፦ ዲያሴቲል የሚባለው ውሕድ ነው። እዚህ ላይ ተጠንቀቁ፤ አንዳንድ የዱባ ቢራ የፓይ ሊጥ እንዲመስል ተደርጎ ስለሚሠራ ቅቤ ቅቤ ይላል። ምላስ ላይ የሚያንሸራትት ቅባትነት ካለው ጉድለት ነው፤ ከቫኒላና ከተጋገረ ሊጥ ጋር ተዋሕዶ ከመጣ የታሰበበት ነው።
- የተቀቀለ በቆሎ፦ ዲኤምኤስ የሚባለው ውሕድ ነው። ከዱባ ጋር ስለሚምታታ በደረጃ 2 የጠበሳችሁትን ዱባ አስታውሱ፤ ዱባው በቆሎ አይሸትም።
- አረንጓዴ አፖም፦ እርሾው ሥራውን ሳይጨርስ የተቋረጠ ሊሆን ይችላል።
- የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ፦ በከፍተኛ ሙቀት የተብላላ ጠንካራ ቢራ ላይ ይታያል። ከአልኮል ሙቀት ጋር አታምታቱት፤ ይህ አፍንጫ ይወጋል።
- ኮምጣጤ፦ ባክቴሪያ ገብቷል። በርሜል ውስጥ የቆየ ቢራ ላይ በተለይ ፈልጉት።
- የቁስል ፕላስተር፦ ክሎሪን ያለው ውኃ ወይም ባዕድ እርሾ። ከቅርንፉድ ጋር ስለሚቀራረብ ብዙ ሰው ቅመም መስሎት ያልፈዋል።

ደረጃ 10፦ ነጥብ ስጡ

የአሜሪካ የቢራ ዳኞች ማረጋገጫ ፕሮግራም፣ ቢጄሲፒ፣ የሚጠቀምበት የ50 ነጥብ ሰንጠረዥ ለዚህ በቂ ነው። እነሱ የመኸር ወቅት ቢራን 30ቢ በሚል ምድብ ያስቀምጡታል። አከፋፈሉ፦ መዓዛ 12፣ መልክ 3፣ ጣዕም 20፣ አፍ ላይ ያለው ስሜት 5፣ አጠቃላይ ግንዛቤ 10።

ለምሳሌ መዓዛ 9፣ መልክ 2፣ ጣዕም 15፣ አፍ ላይ 3፣ አጠቃላይ 7 የተሰጠው ቢራ 36 ያገኛል። ከ30 እስከ 37 «በጣም ጥሩ» ነው። ከ38 እስከ 44 «እጅግ ጥሩ»፣ ከ45 በላይ ደግሞ የላቀ። ከ21 እስከ 29 «ጥሩ» ይባላል፤ ከ14 በታች ያለው ከባድ ጉድለት አለበት።

ነጥቡን የምትሰጡት ስሙ ከመገለጡና ከጎናችሁ ካለው ሰው ጋር ከመነጋገራችሁ በፊት ነው። ስሙን ካያችሁ በኋላ ቁጥር አትቀይሩ። ቅመም አለመውደዳችሁ የቢራው ጥፋት ስላልሆነ ከጣዕሙ ነጥብ አትቀንሱ፤ የግል ምርጫችሁን በመጨረሻው 10 ነጥብ ውስጥ አስገቡ፣ እሱንም በቃል ግለጹ።

ሁሉም ቢራዎች 35ና 36 ላይ ከተከማቹ እየፈራችሁ ነው። ሁለት ሁለቱን አስተያዩና የትኛውን ደግማችሁ እንደምትቀዱ ወስኑ፤ ቢያንስ ሦስት ነጥብ ይራራቁ።

ደረጃ 11፦ ግምገማውን ጻፉ

ከላይ በአንድ መስመር፦ ስም፣ ጠማቂ፣ የአልኮል ፐርሰንት፣ የታሸገበት ቀን፣ የተቀመሰበት ሙቀት፣ የብርጭቆ ዓይነት፣ ስሙ ተደብቆ ነበር ወይስ አልነበረም። ይህ መስመር የሌለው ግምገማ ሊነጻጸር አይችልም።

ከዚያ አራቱን ነገሮች ጻፉ፤ ከመሠረቱ ቢራ ጀምሩ፣ ቅመሙ ይከተል። ልዩነቱን እዩ።

ደካማ፦ «ቀረፋ በጣም አለው፤ ጠንካራ ነው፤ ለወቅቱ ይስማማል።»

የሚያገለግል፦ «በ11 ዲግሪ ብቅሉ ካራሜልና የተቆላ ዳቦ ነው። ቫኒላው ቀድሞ ይመጣል፣ ቀረፋው ከኋላው፤ ገውዝ የሚገኘው ከተዋጠ በኋላ ብቻ ነው። ዱባው በ16 ዲግሪ እንደ ውፍረት ታየ። አልኮሉ ደረት ያሞቃል፣ አያቃጥልም። ጣፋጭነቱን የሚይዝ ምሬት ስለሚያንሰው ከ150 ሚሊ ሊትር በላይ ይሰለቻል።»

«ይጣፍጣል»፣ «ይመቻል»፣ «ልዩ ነው» የሚሉትን ሰርዙ፤ በምትካቸው ምን እንደሆነና የት እንደተሰማ ይግባ። ከ100 እስከ 150 ቃል ይበቃል። ያላገኛችሁትንም ጻፉ፦ ጠርሙሱ ዝንጅብል አለው ብሎ እናንተ ካጣችሁት፣ ለአንባቢው ትልቅ መረጃ ነው።

ነጥቡ ከ21 በታች ከሆነ ወዲያው አታውጡት። ከሌላ መደብር፣ ሌላ ቀን የታተመበት ሁለተኛ ጠርሙስ ግዙና በሌላ ቀን፣ ስሙን ደብቃችሁ፣ ድገሙት። ሁለቱም አንድ ዓይነት ጉድለት ካሳዩ ያለ ፍርሃት ጻፉ። ሁለተኛው ደህና ከሆነ ሁለቱንም ውጤት ከየቀናቸው ጋር አስቀምጡ።